ለማየት የሄድን ዕለት

አባወራ ሰው ለቤተሰቡ አንድ የመዝናኛ ቀን ሲያቅድ ራሱን እንደ ጦር አዝማች መቁጠር ይቃጣዋል። እኔም አንዱ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዤ ኒውዮርክ የምትኖረውን እህቴን ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ፣ ማድ ቤቷ ውስጥ ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ፣ እርሳስ ቀርጬ፣ ስለ አንዲት ረቡዕ ሦስት ሌሊት ተጨንቄአለሁ። ረቡዕ የሆነበት ምክንያት ነበረው። አንደኛ፣ እህቴ ከሥራ የምታርፈው ረቡዕ ነው። ሁለተኛ፣ ልንሄድበት ያሰብነው የብሮንክስ የአራዊት ማቆያ በዚያን ጊዜ ረቡዕ ረቡዕ የተወሰነ የነጻ መግቢያ ይሰጥ ነበር። የዶላር ዋጋ ወደ ብር ሲመነዘር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አንባቢ ሁለተኛውን ምክንያት ሳላብራራለት ይረዳኛል።

ስፍራው እንዲህ በቀላሉ ዞረውት የሚወጡት አይደለም። 265 ኤከር ነው፤ በእኛ በቀድሞው አለካክ ሁለት ጋሻ ተኩልን ያልፋል። የተከፈተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1899፣ የአድዋ ጦርነት በተደረገ በሦስተኛው ዓመት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) በሩ ጠዋት 4 ሰዓት ይከፈትና 11 ሰዓት ይዘጋል። እንግዲህ ሰባት ሰዓት አለን፤ ሁለት ጋሻ ተኩል መሬት አለ፤ አንድ የ8 ዓመት ወንድ ልጅ፣ አንዲት የ13 ዓመት ልጃገረድ፣ ጉልበቷን የሚያማት እህትና ጫማ ያልተመቻት ባለቤት አሉ። ይህን ሁሉ አቀናጅቶ፣ ማንም ሳያለቅስ፣ ማንም ሳይራብ፣ አንበሳውም ሳይቀር ማሳየት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

ዕቅዴ ይህ ነበር። በምድር ባቡር፣ በ2 ወይም በ5 ቁጥር፣ ዌስት ፋርምስ እንወርድና በእስያ በር እንገባለን። መጀመሪያ በቤት ውስጥ የተሠራውን የእስያ ጫካ፣ ቀጥሎ በከፍታ ሐዲድ ላይ የምትሄደውን ባቡር፤ ከዚያ አንበሶቹን፤ ከዚያ ምሳ (የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ድረስ ያመጣችው ዳቦ ቆሎ)፤ ከምሳ በኋላ ጎሪላዎቹን፤ በመጨረሻም በሰሜን በኩል ያለውን የባሕር አንበሶች ገንዳ አይተን እንወጣለን። ባቡሯና ጎሪላዎቹ በነጻው ቲኬት ስለማይታዩ ለነሱ ተጨማሪ ለመክፈል ተስማማን።

ካርታውን ሳጠና ነው ያልጠበቅሁትን ነገር ያየሁት። በስፍራው ውስጥ የኢትዮጵያን ደጋ እንዲመስል ተደርጎ በ1990 የተከፈተ አንድ ክልል አለ። ነዋሪዎቹ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ናቸው። የሰሜን ተራራ ጭላዳ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ቁጭ ብሎ እንደ አረም ነቃይ ገበሬ ሣር በእጁ እየለቀመ የሚበላው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር ሌላ አገር የሌለው ጭላዳ፣ ብሮንክስ ውስጥ አለ።

እውነቱን ልናገርና ሰሜን ተራራ ሄጄ አላውቅም። ይኸስ ሩቅ ነው እንበል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ከደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ፣ ፖርቱጋል ድልድይ በሚሉት አካባቢ፣ ጭላዳዎች በመንጋ ይታያሉ። ጓደኞቼ ደጋግመው «እንሂድ» ብለውኛል፤ እኔም ደጋግሜ «ቅዳሜ ሥራ አለኝ» ብያለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? አሁን ውቅያኖስ ተሻግሬ ጭላዳን «ከምሳ በፊት፣ 30 ደቂቃ» ብዬ በወረቀቴ ላይ መዘገብሁ። አፈርሁ። ሆኖም አልሰረዝሁትም።

በወረቀቴ ላይ ያልመዘገብሁት ነገርም ነበር። ሳላውቀው የቀረ አይደለም። አውቄ የተውሁት ነው።

ማክሰኞ ማታ የእህቴ ልጅ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ የ16 ዓመት ጎረምሳ፣ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ወረቀቴን አነበበ። አማርኛው ትንሽ ይሰባበራል፤ ግን ይገባል። «አጎቴ፣ የዝንጀሮ ቤት የለም» አለኝ።

«ጭላዳውን ጽፌዋለሁ» አልሁት።

«እሱን አይደለም። አሮጌው ቤት። ሰውየውን ያስገቡበት።»

ልጄ ከሶፋው ላይ ቀና አለች። «የምን ሰውዬ?»

የሰውየው ስም ኦታ ቤንጋ ይባላል። ከኮንጎ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ጥርሶቹ እንደ ወገኖቹ ልማድ የተሞረዱ ወጣት ነበር። ኮንጎ በቤልጂጉ ንጉሥ በሊዮፖልድ እጅ በነበረችበት በዚያ ክፉ ዘመን ሚስቱና ልጆቹ በንጉሡ ወታደሮች እንደተገደሉበት ይነገራል። ሳሙኤል ቨርነር የተባለ አሜሪካዊ በ1904 ከባሪያ ነጋዴዎች ገዛሁት ብሎ፣ በሴይንት ሉዊስ ከተማ ለሚደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር አመጣው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1906 ሴፕቴምበር ወር፣ በብሮንክስ የአራዊት ማቆያ፣ የዝንጀሮ ቤት በተባለው ሕንፃ ውስጥ፣ ከአንድ ኦራንጉታን ጋር ከፍርግርግ በስተጀርባ ለሕዝብ ታየ። ዕድሜው፣ ቁመቱና ክብደቱ የተጻፈበት ሰሌዳ ነበረው፤ በወሩ ውስጥ ዘወትር ከሰዓት በኋላ እንደሚታይም ሰሌዳው ላይ ተገልጾ ነበር። በአንድ እሑድ ብቻ 40 ሺህ ያህል ሰው ወደ ስፍራው ጎርፏል ተባለ። ከፍርግርጉ ወጥቶ በግቢው ሲዘዋወር ደግሞ ሕዝቡ ተከትሎ እየጮኸ፣ እየሳቀ፣ እየጎነተለ ያሯሩጠው ነበር። የጥቁር አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች፣ በተለይም በብሩክሊን የጥቁር ሕጻናት ማሳደጊያ ያስተዳድሩ የነበሩት ቄስ ጄምስ ጎርደን፣ አጥብቀው ስለተቃወሙ ወሩ ሳያልቅ ተለቀቀና ወደ ማሳደጊያው ተወሰደ። በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ ሊንችበርግ በምትባል ከተማ ኖረ፤ በትምባሆ ፋብሪካ ሠራ። ወደ አገሩ መመለስ ይፈልግ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መንገዱን ዘጋው። በ1916 ማርች ወር ራሱን በጥይት ገደለ።

ይህን ከብዙ ዓመት በፊት አንብቤ አውቀው ነበር። ታዲያ ለምን ከወረቀቴ ተውሁት? «ለልጆቹ አዝኜ» ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ያቀድሁትን ቀን እንዳያበላሽብኝ ነው። አንድን ቀን ያቀደ ሰው ምን እንደሚታይ ሲወስን ምን እንደማይታይም እየወሰነ እንደሆነ በዚያ ማታ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። መስመሬን በእርሳስ ሳሰምር ከባሕር አንበሶቹ ገንዳ ወደ በሩ የሄድሁት በዙሪያ ጥምዝ ነበር፤ ቀጥታው መንገድ በአሮጌው ቤት ፊት ያልፋላ!

ማድ ቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሳ። እህቴ ተቆጣች። «ልጆቹ ሊደሰቱ ነው የመጡት። እኔ እዚህ አገር ሃያ ዓመት ስኖር በየደረስሁበት እንዲህ ያለውን እያነሳሁ ብብሰለሰል ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልገባም ነበር። የመቶ ዓመት ነገር ነው። ይቅርታም ጠይቀውበታል» አለች። ልክ ናት፤ ስፍራውን የሚያስተዳድረው የዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበር በ2020 ጁላይ ወር በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ልጇ ግን «ከ114 ዓመት በኋላ!» አለ፤ እዚህም ላይ ሒሳቡ ልክ ነው።

ባለቤቴ እንደ ልማዷ ዝም ብላ ሽንኩርት ስትልጥ ቆየችና «ትልቋ ሰምታለች እኮ። የሰማችውን ከጆሮዋ አውጥተህ አትወስድባት። እንግዲህ ወይ አንተ ትነግራታለህ፣ ወይ ከስልኳ ላይ ታነበዋለች» አለችኝ።

ነገርኳት። ትንሹ ተኝቶ ነበር፤ ለእሱ እንዳይነገር ተስማማን። ልጄ ምንም አልተናገረችም። ጠዋት ስንነሳ ግን ወረቀቴ ላይ፣ ከባሕር አንበሶቹ ቀጥሎ፣ በእሷ እጅ ጽሑፍ «አሮጌው ቤት» የሚል ተጨምሮ አገኘሁ። ደቂቃ አልመደበችለትም።

ስለ ጠዋቱ ብዙ አልናገርም፤ ጥሩ ጠዋት ነበር። ሞቃት ነው፤ ልጆች በየቦታው ይንጫጫሉ፤ በሁለት ጋሻ ተኩሉ ውስጥ የማይሰማ ቋንቋ የለም። ከባቡሯ ላይ ሆነን ዝሆን አየን። የእህቴ ልጅ ወዲያው ስለ ሃፒ ይነግረን ጀመር። ሃፒ በዚያን ጊዜ የዚህ ስፍራ ዝሆን ነበረች፤ በ2005 በተደረገ ሙከራ መስተዋት ፊት ቆማ ግንባሯ ላይ የተቀባውን ምልክት በኩምቢዋ ስለነካች፣ ራሷን ታውቃለች ተብሎ በሳይንስ መጽሔት ተጽፎላታል። ከዚያ በኋላ አንድ የመብት ድርጅት «ያለ ፍርድ ታስራለች» ብሎ ጉዳዩዋን በኒውዮርክ ፍርድ ቤቶች አንከራትቶ፣ በ2022 የግዛቲቱ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት 5 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ ያ መብት ለሰው ብቻ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ትንሹ ልጄ «ሁለቱ ዳኞች ግን ትለቀቅ አሉ?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ» አልነው። «እሺ» አለና ነብር ፍለጋ ዞረ።

አንበሶቹ ያሉበት የአፍሪካ ሜዳ በ1941 የተከፈተ ነው። ፍርግርግ የለውም፤ አንበሳውን ከሚታደኑት እንስሳትና ከሰው የሚለየው ጉድጓድ ነው። በጊዜው አዲስ አሠራር ነበር። እኔ ግን በፍርግርግ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የልጅነቴ የመዝናኛ ቦታ ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢ ነበር። ለበዓል አዲስ ልብስ ለብሰን፣ ክብ ሆኖ በተሠራው ቤታቸው ዙሪያ እየዞርን፣ ጎፈራቸው እስከ ሆዳቸው የጠቆረውን አንበሶች በአባታችን ትከሻ ላይ ሆነን አይተናል። የአንበሳው ሽታና የለስላሳው ጣዕም እስከ ዛሬ አንድ ላይ ይታወሱኛል። በ2012 የወጣ ጥናት እነዚያ የአዲስ አበባ አንበሶች በዘራቸው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የሚለዩ መሆናቸውን ገልጿል። ትንሹ ልጄ ይህን ጥናት ባያነብም «የእኛ ይበልጣል» ብሎ የብሮንክሱን አንበሳ በአንዲት ቃል ዘጋው።

ጭላዳዎቹ ጋ ስንደርስ ግን ዝም አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ሣር የለበሰ ተዳፋት ነው፤ ቋጥኝ አለው፤ አብረዋቸው የቆሙት ባለ ትልልቅ ቀንድ ፍየሎች ዋልያ ይመስላሉ። ዋልያ አይደሉም፤ የኑቢያ የሚባሉ የዋልያ ዘመዶች ናቸው። ዋልያ ከሰሜን ተራራ በቀር የትም የለም። እንግዲህ መድረኩ ላይ ዋልያን ሆኖ የሚጫወት ሌላ ፍየል አለ፤ ጭላዳው ግን ራሱ ነው። አንድ ጎፈራም ወንድ ጀርባውን ሰጥቶን ሣሩን ይለቅማል። ባለቤቴ «እንደ ጎንደር ሰው ካባ የደረበ ይመስላል» አለች። አጠገባችን የቆሙ ቤተሰብ እናትየዋ ለልጇ ሰሌዳውን እያነበበች «ኢትዮጵያ» ስትል ልጄ ወደ እኔ ዞር አለች፤ ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም። እኔ የተሰማኝ ኩራት ነበር። እንግዳ ኩራት ነው። እኔ አገር ቤት ሳልጠይቀው የኖርሁት ዘመዴ፣ ሰው አገር ደህና ተይዞ ሲበላ አይቼ የኮራሁ ያህል።

ከምሳ በኋላ ጎሪላዎቹ ጋ ገባን። በ1999 የተከፈተ የኮንጎ ደን ነው። ሲከፈት ጎብኚው ያወጣው ገንዘብ በየትኛው የጥበቃ ሥራ ላይ እንዲውል ራሱ እንዲመርጥ ተደርጎ ነበር፤ በጎ ሐሳብ ነው። ጉምም፣ ውሃም፣ ግዙፍ ዛፍም አለው። አንዲት እናት ጎሪላ ልጇን አዝላ ከመስተዋቱ ማዶ ተቀምጣ፣ ትንሹ ልጄ እጁን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን አንድ ሐሳብ መጥቶ ያዘኝ። ይህ የኮንጎ ደን ነው። በ1906 ከዚህ የደቂቃዎች መንገድ ርቀት ላይ የነበረው ሰው ይናፍቀው የነበረው ይህን ነው። ጫካውን ኋላ ሠሩት።

ወደ አሮጌው ቤት የደረስነው ወደ አስር ሰዓት ግድም ነው። የባሕር አንበሶቹ ገንዳ ካለበት አደባባይ ዳር የቆመ፣ በ1901 የተከፈተ ያማረ ሕንፃ ነው። በ2012 ለጎብኚ ተዘግቷል። ሰው በፊቱ ያልፋል፤ አንዱ አይስክሬም ይበላል፤ አንዱ ጋሪ ይገፋል። እህቴ ትንሹን ይዛ ገንዳው ጋ ቀረች። እኛ አራታችን ሄደን በሩ ፊት ቆምን። በሩ ዝግ ነው፤ የሚታይ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ያለ እሱ ነገሩ ቀላል ይሆንና ክፉዎቹን ረግመን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። በ1906 የስፍራው ኃላፊ ዊልያም ሆርናዴይ ይባል ነበር። ኦታ ቤንጋ እንዲታይ ያደረገው እሱ ነው፤ ተቃውሞ ሲነሳም ነገሩ ነውር መሆኑ አልታየውም። ይኸው ሆርናዴይ በ1905 የአሜሪካን ጎሽ ከመጥፋት ለማዳን የተቋቋመው ማኅበር ዋነኛ ሰው ነበር። በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው የአሜሪካ ጎሽ በዚያ ዘመን በጥይት አልቆ በዱር የቀረው እጅግ ጥቂት ነበር። በ1907፣ ኦታ ቤንጋ በወጣ በዓመቱ፣ ከዚሁ ከብሮንክስ ግቢ 15 ጎሾች በባቡር ተጭነው ኦክላሆማ ወደሚገኝ ጥብቅ ስፍራ ተላኩ። ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ ጎሽ የሚታየው በእነዚያ አሥራ አምስቱ ምክንያት ነው።

አንድ ሰው፣ አንድ ግቢ፣ የአንድ ዓመት ልዩነት። ጎሹን ሲያይ ሊጠፋ የማይገባው ፍጡር ታየው፤ ወጣቱን ሲያይ ደግሞ ለትዕይንት የሚሆን ነገር ታየው። ሁለቱም ዓይኖች የእሱ ናቸው። «ግብዝ ነው» ብለን እንዳንገላገለው፣ ግብዝ አልነበረም፤ በሁለቱም ሥራው ቀና ሰው የሆነ መስሎት ነበር። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የአራዊት ማቆያ ሁሉ ይዘጋ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ጎሾቹ በዚያ ክርክር መሐል ቆመው አላሳልፍም ይሉኛል። ዝሆንና ሰውንም በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም፤ ኦታ ቤንጋን የበደሉት ልክ እንዲህ ያለውን ሚዛን ይዘው ነው። ነገር ግን ፍቅርና ጥበቃ ያለው ሰው ዓይኑ ሁሉ የተገለጠ ነው ብሎ ማመን ከዚያ ቀን ወዲህ ይከብደኛል።

ልጄ በሩን ስታይ ቆይታ «አባዬ፣ ያን ጊዜ ሊያዩት የመጡት ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ነበር?» አለችኝ።

«ይመስለኛል። እሑድ ነበር።»

«ምሳም ይዘው?»

መልስ አልነበረኝም፤ ግን ልክ ነበረች። 40 ሺህ ሰው ሁሉ ጨካኝ ሊሆን አይችልም። አብዛኛው እንደ እኔ አባወራ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ልጆቹን አስደስታለሁ ብሎ አቅዶ፣ በስንት ሰዓት ተነስተን በየትኛው መስመር እንሂድ ብሎ፣ ዳቦውን ጠቅልሎ የመጣ ሰው ነው። ሰሌዳው ላይ «ከሰዓት በኋላ» ይላል፤ እንግዲህ ጠዋት አንበሳውን፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሰውየውን እንይ ብሎ መድቦ ይሆናል። ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ አሳይቶ ይሆናል። ማታ ደክሞት፣ ደስ ብሎት፣ ቀኑ ስለተሳካለት አምላኩን አመስግኖ ተኝቶ ይሆናል። ያ ሰው ከእኔ በምን ይለያል ብዬ ሳስብ ያገኘሁት ልዩነት ዘመኑን ብቻ ነው። በዘመኑ ምክንያት ልንፈርድበት አይገባም የሚሉ አሉ። ቄስ ጎርደንም ግን የዚያው ዘመን ሰው፣ የዚያው ከተማ ነዋሪ ነበሩ፤ እሳቸው በዚያው ወር አይተው የታያቸው ሌላ ነው።

የእህቴ ልጅ፣ ጎረምሳ አይደል፣ «እኛ ግን አናደርገውም» አለ።

ልጄ እኔን ሳታይ «ሳሎናችን ያለችው ሴትዮስ?» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ የዞርሁት። ከዐሥር ዓመት በላይ ይሆናል፣ ለሥራ ጂንካ ሄጄ ነበር። ሥራው በሁለት ቀን አለቀና ሦስተኛውን ቀን መኪና ይዘን ወደ ሙርሲዎች አገር ወረድን። ቱሪስት እንደሚያደርገው ሁሉ እኛም አደረግን፤ ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገች ሴት መረጥሁ፣ ለአንድ ፎቶ የሚከፈለውን ጥቂት ብር ከፈልሁ፣ «እንዲህ ዙሪ» ብዬ በእጄ አመለከትሁ፣ አነሳሁ። ፎቶው አምሮ ወጣ። አሳድጌ በመስተዋት አስገባሁትና ሳሎን ሰቀልሁት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እንዴት ያለ ፎቶ ነው!» ይባላል፤ እኔም ስለ አገራችን ባህል ብዛት ሁለት ሦስት ቃል እጥላለሁ። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ከዚያች ሴት ሥር ተቀምጣ ነው የቤት ሥራዋን የሠራችው።

«እሷ በፈቃዷ ነው፤ ተከፍሏታል። በፍርግርግ ውስጥም አልነበረችም» አልኋት። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም።

«ስሟ ማነው?» አለችኝ።

ባለቤቴ ቀስ ብላ ወደ ገንዳው መሄድ ጀመረች። የእህቴም ልጅ ተከተላት። እኔና ልጄ ብቻ ቀረን። የኦታ ቤንጋን ስም መቶ ዓመት አልፎም የኮንጎ ሰው ያልሆነ የብሮንክስ ልጅ ያውቀዋል። ጋዜጦቹ ጽፈውት ነበር። ያሾፉበት ሰዎች እንኳ ስሙን ያውቁት ነበር። የእኔዋን ሴት ስም ግን እኔ አልጠየቅሁም። ማን ናት፣ ስንት ልጅ አላት፣ በዚያ ቀን ከመንደሯ ወጥታ መንገድ ዳር የቆመችው ለምን ጉዳይ ነው፣ ምንም አላውቅም። የማውቀው ካሜራው ምን ያህል ብርሃን እንደነበረው ነው።

«አልጠየቅኋትም» አልሁ።

በ11 ሰዓት ወጣን። ትንሹ በባቡር ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው፤ ከአንበሳው ይልቅ ጭላዳው ደስ እንዳለውና የእኛን አገር ጭላዳ መቼ እንደማሳየው ጠይቆኝ ነበር የተኛው። እህቴ «እንዴት ያለ ቆንጆ ቀን ነው የዋልነው፣ እናንተ ደግሞ ፊታችሁ ምን ሆነ?» አለች።

አዲስ አበባ ስንመለስ ፎቶውን አወረድሁት። ማውረዱ ቀላል ነበር፤ የት እንደማደርገው ግን አላወቅሁም። መጣል፣ ሴትዮዋን ሁለተኛ እንደመበደል ሆነብኝ። መልሶ መስቀል አይሆንም። መሳቢያ ውስጥ ፊቷን ወደ ታች ደፍቼ ማስቀመጥም ምን እንደሚባል እናንተው ንገሩኝ፤ ያደረግሁት ግን እሱን ነው። ግድግዳው ላይ ሚስማሩና ከቀለሙ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀርቷል። እንግዳ ሲመጣ ያየዋል እንጂ አይጠይቅም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ለሥራ ጂንካ እንደሚሄድ ነገረኝ። ፎቶውን አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ በጋዜጣ ጠቀለልሁት፤ ይዞ ይውረድና ሴትዮዋን የሚያውቃት ሰው ካለ ይጠይቅልኝ፣ ቢቻል ለራሷ ይስጥልኝ ብዬ ነው። ልጄ በር ላይ ቆማ ስጠቀልል ታየኛለች።

«ካገኛት ምን ይላታል?» አለችኝ።

ወዳጄ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ጥቅሉ እስከ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ነው።